በሦስት ከተማ የተዘመረ አንድ መዝሙር



በዚህ እትም ልምምድ መድረስ ስላቃታቸው መዘምራን ላጫውታችሁ። ታውቋቸዋላችሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው ፒያሳ፣ መርካቶ ወይም ጎፋ ነው፤ ቤታቸው ግን ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ሆኗል። ሲጋቡ የአዲስ አበባን ኪራይ ሞከሩት፤ ልጅ ሲመጣ አልቻሉትምና ወጡ። ሰበታ በጅማ መንገድ ነው፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ይቆጠራሉ፤ ይሁን እንጂ ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ረቡዕ ማታ ልምምድ ሲያልቅ አንዱ ወደ ጀሞ፣ አንዱ ወደ አስኮ፣ አንዷ ወደ አዲሱ ገበያ ይሮጣሉ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ የሚቀሩት የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ቀጥሎ በፈረቃ የሚሠሩት። ስማቸው ከኳየሩ መዝገብ አይሰረዝም፤ ዩኒፎርማቸውም ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ይቀራል።

እነዚህን ሰዎች በየቤታቸው አዘምሮ፣ የዘመሩትን አሰባስቦ አንድ መዝሙር ማውጣት ይቻላል። ሙያው የስቱዲዮ ሰዎች ምስጢር አይደለም። አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ የየሰው ስልክና ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቁታል። ቤታችሁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ ካለ ይህን ገጽ አስነብቡት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ዊታከር በ12 አገሮች የሚኖሩ 185 ሰዎች በየክፍላቸው ሆነው የላኩለትን ድምፅና ምስል አገጣጥሞ አንድ የላቲን መዝሙር አወጣ። ብዙዎቹ ተያይተው አያውቁም። ወደ እኛ ዘንድ ይህ ሐሳብ በስፋት የገባው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ብዙዎቻችን በየቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አከበርነው። በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ ከ65 በላይ አብያተ ክርስቲያናት በዘኍልቍ 6 ላይ ያለውን የአሮንን ቡራኬ መሠረት ያደረገ መዝሙር በዚህ መንገድ ዘምረው ሲያወጡ አይተን፣ «እኛስ ለምን አንሞክርም?» አልን። በሽታው ካለፈ በኋላ ብዙ ኳየሮች ነገሩን ተዉት። እኔ ግን መተው አልነበረብንም እላለሁ፤ የሱሉልታ መንገድ ከኮሮና በፊትም ነበረ፣ ዛሬም አለ።

«በዙም ተገናኝተን ለምን አብረን አንዘምርም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አይሆንም፤ ምክንያቱንም ማወቁ ለኋላው ሥራ ይጠቅማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከእኛ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁ የሚደርሰን ሦስት መቶኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህን ጆሮ ይችለዋል። ከዚያ እጅግ ሲበልጥ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ መዝሙሩ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ያለው ጉባኤ ከመድረኩ ኋላ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዘገያል፤ መስመሩ ሲደክም ሩብ ሰከንድም ግማሽ ሰከንድም ይሆናል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የተሠራው ለወሬ ስለሆነ ብዙ ሰው አንድ ላይ ድምፅ ሲያወጣ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ይጫናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀዳል፤ መገናኘቱ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ነው።

ለብቻው የሚቀዳ ሰው የሚከተለው መሪ ድምፅ ያስፈልገዋል። የኪቦርድ ተጫዋቹ ሙሉውን መዝሙር በሜትሮኖም ይጫወታል፤ የኳየሩ መሪ በላዩ ላይ ይዘምራል። የመሪው ትንፋሽ ሲሳብ የሚሰማውን ድምፅ አትቁረጡት፤ መዘምራኑ ስንኙን እኩል የሚጀምሩት በእሱ ነው። ከመግቢያው በፊት ቆጠራ ይኑር፤ ብዙ መዝሙሮቻችን በስድስት ስለሚቆጠሩ ስድስቱን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ከቆጠራው ቀጥሎ መሪው አንድ ጊዜ ብቻ ያጨብጭብ፤ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ መግቢያው። ያቺን ጭብጨባ አደራ፤ እመለስባታለሁ። በትዝታ ቅኝት ያለ ምት፣ እንደ እንጉርጉሮ የሚዜም መግቢያ ያለው መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ አትምረጡ። ቁናውንም ለእናቶችም ለወንዶችም በሚመች ቁልፍ ላይ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ፋይሉ ከተላከ በኋላ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይበል» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ያን ጊዜ ሁሉም እንደገና ይቀዳል።

ቀረጻው ሁለት ስልክ ይፈልጋል። አንዱ መሪውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማል፣ ሌላው ይቀርጻል። ሁለተኛውን ስልክ ከባል፣ ከእኅት ወይም ከጎረቤት ይዋሷል። ማዳመጫው ባለ ሽቦው ይሁን፤ በአንድ ጆሮ ብቻ ይደረግ፤ ሌላው ጆሮ የራስን ድምፅ ለመስማት ክፍት ይቅር። የሚቀርጸው ስልክ በጎን ተጋድሞ በዓይን ልክ ከፍታ ይቀመጥ። የመጽሐፍ ቅዱስና የመዝገበ ቃላት ክምር በቂ ማቆሚያ ነው። ብርሃን ከፊት ይምጣ፤ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው የሚቆሙ ሰዎች ጥላ ሆነው ይወጣሉ። ስልኩ በበረራ ሁኔታ ላይ ይደረግ፤ አለዚያ በሁለተኛው ስንኝ ላይ የእቁብ ሰብሳቢው ይደውላል። ጥራቱን ሁሉም 720 ላይ ያድርጉት። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የ5 ደቂቃ መዝሙር 300 ሜጋባይት፣ የ20 ሰው ደግሞ 6 ጊጋባይት ነው። ጥራቱን 1080 ብታደርጉት ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ ምስሉ በመጨረሻ የሚገባው ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ስለሆነ ትርፉ አይታይም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። በሰበታም በቡራዩም አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድበት ከበሮ ይሆናል። ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ የሱሉልታ ሰዎች ግን ማለዳ ላሞቹ ናቸው የሚያስቸግሩን ብለውኛል። ባዶ ሳሎን ድምፅ ያስተጋባል። ከዘማሪው ፊት ለፊት፣ ከስልኩ ጀርባ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በገመድ ላይ ስቀሉ፤ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። አንዲት የቡራዩ እኅት ልጇን አስተኝታ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ በልብሶቹ ፊት ቆማ የቀዳችው ከሁላችን ድምፅ ይልቅ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

አሁን ወደ ጭብጨባዋ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር ግድ ነው።

በመጀመሪያው ሥራችን ላይ የቀድሞ መዘምራንንም ጋብዘን ነበር። ከእነርሱ አንዷ ሱሉልታ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ቪዲዮአቸው ደረሰኝ፤ ቅጠልያ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። ከሌሎቹ ጋር ሳስገባው ድምፃቸው ከሁሉም ኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ ስንኝ ላይ ሌላው ሲጨርስ እሳቸው ገና ናቸው። አንድ ማታ ሙሉ ሞከርኩ። በመጨረሻ «ዕድሜ ነው» አልኩና ድምፃቸውን ዘጋሁት፤ ምስላቸውን ግን ከላይ በቀኝ በኩል ተውኩት። ማን ያውቃል ብዬ ነው። ቪዲዮው ተላከ፣ ሁሉም ተባረክን አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠይቀውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፄ ግን የለም። ልጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ደጋግሞ አሰማኝ። አጣሁት።»

ምን እመልሳለሁ? «ድምፁ ትንሽ... ቴክኒክ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ተበላሽቶ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቀየምም። ብቻ ምስሉንም አውጣው። በደርግ ጊዜ ቤት ለቤት ስንሰበሰብ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃችንን ውጠን በትንፋሽ ነበር የምንዘምረው። አፋችን ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ ግን እኔው ነኝ የዋጥኩት።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ታክሲው ሄዱ። መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ሌሎችም ጉባኤዎች በየተራ በራቸው ሲታሸግ፣ በየቤቱ ተደብቆ የተዘመረውን መዝሙር ታሪክ በመድረክ ስንት ጊዜ ሰምቼ አጨብጭቤአለሁ። በቤቴ ላፕቶፕ ላይ ግን ያንኑ ሠራሁ።

በማግስቱ ፋይላቸውን እንደገና ከፈትኩና ልጃቸው ዘንድ ደወልኩ። እንዴት እንደቀዱ ጠየቅኩት። «ሁለቱን ስልክ እኔ ነኝ አንድ ላይ የተጫንኩት፤ ስለዚህ ጭብጨባው አያስፈልግም ብዬ ነው» አለኝ። «ማዳመጫውስ?» ስለው «የኔን ብሉቱዝ ነው ያደረግኩላቸው፤ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው» አለ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን አሽጎ፣ ልኮ፣ ፈትቶ እስኪያሰማ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙዎቹ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ እስከ ሩብ ሰከንድ ይዘገያሉ። እናታችን የሰሙትን መሪ ድምፅ በትክክል ተከትለዋል፤ የተከተሉት ድምፅ ራሱ ነበር ዘግይቶ የደረሳቸው። በሰከንድ 30 ፍሬም በሚቆጥረው ቪዲዮ ላይ ትራካቸውን 7 ፍሬም ወደ ግራ ገፋሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቁጭ አለ። የአልቶው ክፍል እስከዚያ ድረስ ባዶ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጭብጨባ የምትጠቅመው ለዚህ ነው። ዘማሪው በማዳመጫው የመሪውን ጭብጨባ ሲሰማ እሱም እኩል ያጨበጭባል። ማዳመጫው ቢዘገይ የእሱም ጭብጨባ በዚያው ልክ ይዘገያል። ላፕቶፑ ላይ ድምፁ በሞገድ ሲታይ ጭብጨባ እንደ ችካል ብድግ ብላ ትቆማለች፤ የሁሉንም ችካል በአንድ መስመር ማሰለፍ ነው። በምስሉም በኩል ሁለቱ መዳፎች የተገናኙበትን ፍሬም ፈልጋችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። አንድ ሰው እጁ ስልክ ይዞ ማጨብጨብ ካልቻለ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይምታ።

የተቀዳውን ማሰባሰብ ሌላ ጉዞ ነው። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ በቪዲዮነት ሲሄድ ፕሮግራሙ ይጨምቀዋል። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ፋይል ይቀበላል። የኢንተርኔት ጥቅል ውድ የሚሆንባቸው የሌሊቱን ጥቅል ገዝተው እየተኙ ይላኩት። መስመር ሁልጊዜ አይታመንም፤ በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር አትረሱም። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ እስከ ዛሬ ፍላሽ ነው ባይ ነኝ። የሰበታው ወንድም ለሥራ ሲመጣ በኪሱ ይዞት ይመጣል፤ በዚያው ሻይ ጠጥተን የቤቱን ሰላም እጠይቃለሁ።

ላፕቶፑ ላይ ድምፁንና ምስሉን ለየብቻ ሥሩ። ለድምፁ ኦዳሲቲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የቪዲዮ ፋይል ውስጥ ያለውን ድምፅ እንዲያነብላችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ማሟያ አብራችሁ ጫኑ። እያንዳንዱን ድምፅ በስሙ አስገቡ፤ «አልቶ ሰበታ»፣ «ቴነር ቡራዩ» እያላችሁ ጻፉበት። ጭብጨባዎቹን አሰልፉ። ከመግቢያው በፊት ካለችው ዝምታ የክፍሉን ጫጫታ ናሙና ወስዳችሁ ጫጫታውን ቀንሱ፤ በጥቂቱ ግን፣ ሲበዛ ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘምር ይመስላል። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻ ሳይሆን በቡድን አዳምጡ፤ ሶፕራኖዎቹን፣ ከዚያ አልቶዎቹን። ለብቻው ሲሰማ የሚያሳፍር ድምፅ ከሌሎች ጋር ሲሆን ሙላት ይሆናል። እኔ አሁን ሕግ አበጅቻለሁ፦ ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ አልዘጋም፤ መዝጋት ግድ ከሆነ ለባለቤቱ ደውዬ እንደገና እንዲቀዳ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ያሉ እንዲመስሉ ጥቂት ማስተጋቢያ ጨምሩ።

እግረ መንገዴን፦ ሰበታ ውስጥ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከብዙ ዓመት ጀምሮ እንዳለ ታውቃላችሁ። ኦዳሲቲ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ሊሠራ የሚችል፣ ኤንቪዲኤ ከሚባለው ነጻ የስክሪን አንባቢ ጋርም የሚስማማ ነው። በጉባኤያችሁ ማየት የተሳነው፣ ጆሮው የነቃ ወንድም ወይም እኅት ካለ የድምፁን ቅንብር ለእነርሱ ስጡ። ዘማሪ ብቻ አድርገን የምናያቸው ለምንድን ነው?

ለምስሉ ሾትከት የተባለውን እመክራለሁ፤ ነጻ ነው፣ በመካከለኛ ኮምፒውተርም ይሠራል። ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት ፍሬም ቁጥር አንዳንዴ ወጣ ገባ ስለሚል መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከድምፁ ሊለይ ይችላል፤ ቀድማችሁ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ሁሉንም ወደ ቋሚ 30 ፍሬም መልሷቸው። ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሙሉው ስክሪን መጠን 1920 በ1080 ነው። ለ9 ሰው በ3 መደብ በ3 ረድፍ ስትከፍሉት ለአንዱ 640 በ360 ይደርሰዋል። ለ16 ሰው 480 በ270፣ ለ25 ሰው 384 በ216። ኮምፒውተሩ ካቃተው አንዱን ረድፍ ብቻ ሠርታችሁ አውጡት፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ በመጨረሻ ረድፎቹን እንደ አንድ አንድ ቪዲዮ አደራርቧቸው። በየአምስት ደቂቃው ሴቭ አድርጉ፤ መብራት ኃይል ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ላፕቶፕ የሌላቸው በስልክ ካይንማስተር ወይም ካፕካት ተጠቅመው እስከ አራት ሰው ማገጣጠም ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጣትም ስልክም ይደክማል።

ግጥሙ ከሥር እንዲጻፍ ካሰባችሁ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። አለዚያ ባዶ ሣጥኖች ይደረደሩላችኋል። የእኛ መዝሙር ሁለተኛው ስንኝ በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ በቁቤ ስንጽፈው አንድ አናባቢ ጎድላብን ቃሉ ሌላ ሆኖ ወጣ፣ የቡራዩ ወንድሞች ናቸው ያረሙን። ከመለጠፋችሁ በፊት ቋንቋውን አፍ ለፈታበት ሰው አሳዩ። መዝሙሩ የሌላ ዘማሪ ከሆነም ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ «ለጌታ ሥራ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ስማርት ስልክ የሌላቸውን አትርሱ። በሰበታ ሦስት መዘምራን በአንዷ ቤት ተገናኝተው ተራ በተራ በአንድ ስልክ ቀዱ። የጊዜ ሰሌዳ አውጥተው፣ ምሳ ሠርተው፣ ልጆቹን ውጪ አጫውተው ነው። ያቺ ቤት ከዚያ ወዲህ የማክሰኞ ጸሎት ቤት ሆናለች።

የታረመውን መዝሙር ለሕዝብ ከመልቀቃችን በፊት መዘምራኑ እንዲያዩት ቡራዩ አንድ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ጠራናቸው። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኘነው፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻው ዞረ። የሱሉልታዋ እናታችን ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። መዝሙሩ ተጀመረ፤ የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል ሰው ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ ያለው ቴነር ካቆመበት ቀጠለ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በጨለማው ሳሎን እስከ መጨረሻው ሄዱ። እናታችን በዚያን ዕለት ብሉቱዝ ስላላደረጉ በየስንኙ ከሁላችን እኩል ነበሩ፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ቀደሙን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ የጌታ ሰላም ከቤታችሁ አይለይ።